መድኃኒቱ ሲከብደን ምን እናድርግ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ስለ ጥቅሙ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያመጣው ችግርና ስለምንፈራው ነገርም ነው። እኛ ፊደል ልናስተምር የመጣን ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ቢሆንም ተምረን ያወቅነውን ማካፈል ግዴታችን ነው።

አእምሮም እንደ ሆድና እንደ ዓይን ይታመማል። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በፈረንሳይ አገር ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሃሎፔሪዶልና ሌሎችም ተገኙ። በአገራችን ሕሙማን ለረጅም ዘመን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር። ዛሬ ግን በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ሕክምናው ይሰጣል።

ታዲያ መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ ጭንቀት ይመጣል። አንዱ ክኒኑን ውጦ ቀን ሙሉ እንቅልፍ ይጥለዋል። አፉ ይደርቃል፤ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ያዞረዋል። ሌላው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። እርፍ መጨበጥ ያቅተዋል። ጎረቤትም «ምነው፣ ይህ መድኃኒት ሰውየውን አደነዘዘው እኮ!» ይላል። ሕመምተኛው ይሰማና ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል።

ይህ ፍርሃት የሞኝ ፍርሃት አይደለም። የተባለው ነገር በእርግጥ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሐኪሞች የጎንዮሽ ጉዳት ይሉታል። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግስ ጎን ለጎን ሌላውንም የሰውነት ሥራ ይነካል ማለት ነው። የከፋው ነገር ጉዳቱ ቀድሞ መታየቱ ነው። እንቅልፉና ማዞሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ። ጥቅሙ ግን እንደ ዘር ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቡቃያውን ሳያይ እርሻውን ጥሎ ይሄዳል።

ረኀብም አለ። አንዳንዱ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ጎተራው ሙሉ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነው። በሐምሌና በነሐሴ እህል ባለቀበት ቤት ግን ከባድ ነው። «መድኃኒቱ እህል ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የለኝም» ብሎ የሚተው አለ። ይህን ለሐኪም መናገር አያሳፍርም። ሐኪሙ ካልነገርነው ከየት ያውቃል?

መድኃኒቱን በድንገት መተው ምን ያመጣል? ሕመሙ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ አይመለስም። ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ይመስላል። «አያችሁ፣ ያለ መድኃኒት ይሻለኛል» ይላል። ከዚያ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ የገዛ ወንድሙን ይጠራጠራል። ቤተ ሰብ ሲጨንቀው በገመድ ያስረዋል።

ታዲያ ያለን መንገድ ሁለት ብቻ ነው እንዴ? ዝም ብሎ መሠቃየት ወይም መድኃኒቱን መጣል? አይደለም። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱም መናገር ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። የሚያስተኛውን መድኃኒት ማታ እንድንወስደው ሊያደርግ ይችላል። ለመገተርና ለመንቀጥቀጥ የሚረዳ ሌላ ክኒን አለ። ካልሆነም መድኃኒቱን በሌላ ይለውጠዋል።

እኛም በቤታችን የምናደርገው አለ። ከመኝታ ቀስ ብለን እንነሣ። ክሎርፕሮማዚን ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ እርሻ ላይ ባርኔጣ እናድርግ። አረቄና ጠላ ድንዛዜውን ያብሳሉና እንራቃቸው። ጸበል የምንጠመቅ ብንሆንም መድኃኒቱን አናቋርጥ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በራሷ ከመተዋ በፊት ሐኪም ትጠይቅ።

ነገ የማይባልለት ነገርም አለ። አንገት ከተጣመመ፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና እንሂድ።

«ሐኪም ፊት ስንቀርብ ነገሩ ይጠፋብናል» ትሉ ይሆናል። አሁን እኮ ፊደል ለይተናል! ከደብተራችን አንድ ገጽ ለዚህ እናውል። እንዲህ ብለን እንጻፍ፦

ሰኞ ማታ አንድ ፍሬ ዋጥሁ።
ማክሰኞ ጠዋት ስነሣ አዞረኝ።
ረቡዕ እጄ ተንቀጠቀጠ።
ሐሙስ እርፍ መያዝ አቃተኝ።

አራት መስመር ይበቃል። ሕመምተኛው መጻፍ ካቃተው ቤተ ሰቡ ይጻፍለት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የመድኃኒቱን ጉዳት የደበቀም ያው ነው። ስለዚህ አንደብቅ፤ አንጣል፤ ጽፈን እንናገር።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሰዎች የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚተዉት ለምንድን ነው?
2. መድኃኒቱ ሲከብደን ሐኪሙ ምን ሊያደርግልን ይችላል?
3. በደብተራችሁ ላይ አንድ ሕመምተኛ ለሐኪም የሚያሳየውን አራት መስመር ጻፉ።