በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ ትንሽ ሒሳብ እንሠራለን። የዛሬው ንግግራችን ልጅን ኮሌጅ ስለ ማስተማር ነው። ይኸውም ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መቼ ይወጣል? ለማንስ ይከፈላል? የሚለው ጉዳይ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የማታው ትምህርት ሲያበቃ አንዲት እናት ከክፍል ሳይወጡ ቀሩ። ጎበዝ ተማሪ ናቸው። ሀ ሁ ብለው የጀመሩት ባለፈው ዓመት ነው። «መምህር፣ አንድ ወረቀት አለኝ» አሉኝ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈተው አወጡት። ሴት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አላመጣችም። ወረቀቱ የአንድ የግል ኮሌጅ የምዝገባ ቅጽ ነው።

«ሰኞ ላሚቱን ገበያ ላወጣት ነው። ምን ትለኛለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ በመጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡት» አልኳቸው።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ። «የ-ተ-ከ-ፈ-ለ ገን-ዘብ አይ-መ-ለ-ስም» ብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አይመለስም ነው የሚለው?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ቋጠሩት። ላሚቱ በዚያ ሰኞ ገበያ አልወጣችም።

ይህን የማወራችሁ ኮሌጅ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ አስተማሪ ነኝ። ነገር ግን «ለትምህርት ከሆነ ያለህን ሁሉ ሽጥ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት በምንጃር ነው። አባቴ ጤፍ አራሽ ነበር። ጥማድ በሬም ነበረው። በ1998 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰ። ነርስ መሆን ፈለገ። በቅርብ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። አባቴ አንዱን በሬ ሸጠና አስመዘገበው።

አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ምን ያደርጋል? እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። መቀናጆ ይገባል። አንድ ቀን ለጎረቤት፣ አንድ ቀን ለራስ ያርሳል። በዚያ ክረምት መሬታችን በወቅቱ አልደረሰም። ጤፉም ዘግይቶ ተዘራ። ምርቱ ሲያንስ ደግሞ የሁለተኛው ዓመት ክፍያ መጣ። ለእሱ ሁለት ፍየል ተሸጠ፤ የቀረው ብድር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ተማሪዎቹ አንድ ወሬ ሰሙ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው። ነገር ግን በዚያ ቅርንጫፍ የነርስ ትምህርት ለማስተማር ፈቃድ የለውም። ወሬው እውነት ሆነ። አባቴ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ወረዳ ሄደ። እዚያ ያገኘው ሰው አንድ በአንድ አነበበለት። በደረሰኙ ላይ የትምህርቱ ዓይነት አልተጻፈም። «ለምዝገባ» ብቻ ይላል። በስተመጨረሻው «የማይመለስ» የሚል ማኅተም አለበት።

እኔ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ልገባ ነበር። ማንበብ እችላለሁ። ግን ደረሰኙን አንድ ቀን አላነበብኩትም። አባቴም አንብብልኝ አላለኝም። ኮሌጅ ሲባል ሁላችንም አፍረን ዝም አልን። ወንድሜ ዛሬ ሾፌር ነው። ሥራውን ይወዳል። ስለነዚያ ሁለት ዓመታት ግን አያወራም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን መጠየቅ ያለበትን እንይ። ዛሬ የዲግሪ ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትን የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይባላል። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻው ነው። በመደበኛ የሚያስተምርበት ፈቃድ ለርቀት ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ «ፈቃድ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «አዎ» ይሏችኋል፤ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ልጄ የምትማረውን ትምህርት፣ በዚህ ቅርንጫፍ፣ በዚህ ዓይነት ለማስተማር የተሰጣችሁን ፈቃድ አሳዩኝ።» ወረቀቱን ሲያሳዩዋችሁ ቀኑንም አንብቡ። ፈቃድ ዘመን አለው፤ ይታደሳል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ የወረዳችሁን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪዎች በመጨረሻ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። የግል ኮሌጅ ተማሪም ይፈተናል። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ኮሌጁን «ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ? ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ቶሎ የሚነግራችሁና ወሬ የሚያበዛባችሁ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንምጣ። ብዙ ሰው የመንግሥት ትምህርት ነፃ ነው ይላል። ድሮ እውነት ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ። እስቲ በደብተራችሁ ጻፉት፦ ወጪ መጋራት። ተማሪው ሲገባ ውል ይፈርማል። መጀመሪያ በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን ይጋራል። ገንዘቡን ሲገባ መክፈል ግዴታው አይደለም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው እየተቆረጠ ይከፈላል። በዚያው ደንብ ቁርጡ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ ነበር። ይህም ማለት 6,000 ብር ደመወዝ ካለው 600 ብር ይቆረጣል ማለት ነው። ደንብ ይሻሻላል፤ መጠኑም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ የዘንድሮውን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቃችሁ ጻፉ። ልጁም የፈረመውን ውል ግልባጭ ያስቀምጥ። ዕዳው ዕዳ ነው፤ ነገር ግን በሬ አያስሸጥም።

ዳሩ ግን ይህን በር የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደረሰ። ከመቶ ልጆች ዘጠኝ እንኳን አይሞሉም። ይህን የምናገረው ልጆቹን ለማሳነስ አይደለም። በጎረቤት ያለው ልጅ ገባ ተብሎ የእኛም ይገባል ብለን ዝም ብለን እንዳንቀመጥ ነው። ሁለተኛው መንገድ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ይታሰብ። የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ሥራ ይዞ በማታ መማርም አለ። «ሙያ ለሰነፍ ነው» የሚል ሰው ቤቱ መብራት ሲጠፋ ማንን እንደሚጠራ ጠይቁት።

አሁን እርሳሱን ያዙ። ኮሌጅ ስንት ነው? ብላችሁ ብትጠይቁ «በወር 1,500 ብር» ይሏችኋል እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ። ልጅቷ ከሩቅ ከተማ ሄዳ በዓመት 10 ወር፣ በጠቅላላው 4 ዓመት ትማራለች።

የኮሌጁ ክፍያ በዓመት 15,000፣ በ4 ዓመት 60,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ ከጓደኛዋ ጋር ተጋርታ በወር 1,000 ብትከፍል በ4 ዓመት 40,000 ይሆናል። ምግብ በወር 3,500 ቢሆን 140,000 ነው። ለመሳፈሪያ፣ ለደብተር፣ ለኮፒ፣ ለሳሙናና ለስልክ ካርድ በወር 700 ቢወጣ 28,000 ነው። ደምሩት። 268,000 ብር ይመጣል።

ልብ በሉ። ኮሌጁ የነገራችሁ ከዚህ ውስጥ 60,000ውን ብቻ ነው። ከአራት እጅ አንዱን እንኳን አይሞላም። ትልቁ ወጪ እንጀራው ነው። አሁን ሌላ ኮሌጅ ውሰዱ። በወር 2,500 ብር ያስከፍላል፤ ውድ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ከአክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። ክፍያው በ4 ዓመት 100,000፣ ሌላው 28,000፣ በድምሩ 128,000 ብር ይሆናል። ለአክስቷም በዓመት አንድ ጆንያ ጤፍ መላክ ደግ ነው፤ ዝም ብሎ ሰው ላይ መጫን አይገባም። እንዲያም ሆኖ ውድ የተባለው ኮሌጅ ረከሰ።

ክፍያው በየዓመቱ ሊጨምር እንደሚችልም አትርሱ። ውሉ ላይ ስለ ጭማሪ ምን ይላል? ልጁ በመሐል ቢታመም ወይም ቢያቋርጥስ? በቃል የተነገራችሁን ሁሉ «በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። በደረሰኙ ላይ የልጁ ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ወሩና የብሩ መጠን ይጻፍ። ካልተጻፈ አጻፉ። በስተኋላችሁ ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ይታገሣችኋል።

ከገንዘቡ መጠን እኩል የሚያስቸግረው ወሩ ነው። ይህን አብዛኛው ሰው አያስበውም። ጤፍ የሚወቃው በታኅሣሥና በጥር ነው። ያን ጊዜ እጃችን ላይ ብር ይገባል። የኮሌጅ ምዝገባ ግን የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ጎተራው ባዶ ነው። አራጣ አበዳሪው በር ላይ የሚቆመው በዚህ ክፍተት ነው። 5,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ ብትበደሩ በየወሩ 500 ብር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሦስት ወር 1,500 ብር ሆነ። አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን የጨነቀው ሰው ሕግ አይጠይቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጤፉ በጥር ሲሸጥ የልጁ ድርሻ ዕለቱኑ ባንክ ይግባ። ከሌላው ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። የልጁ ደብተር ለብቻው ይሁን። እቁብ ካላችሁ ዳኛውን አነጋግራችሁ፣ ከአባላቱም ጋር ተስማምታችሁ ዕጣችሁ በመስከረም እንዲሆን ጣሩ። ኮሌጁንም በየወሩ ልክፈል ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በግ ነው። በሰኔ ግልገሉን ገዝታችሁ በክረምቱ ሣር አደልቡት። እንቁጣጣሽና መስቀል ሲደርስ የበግ ዋጋ ይወጣል። የምዝገባውም ጊዜ ያው ነው። በሬ ግን ሌላ ነገር ነው። በሬ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ የሚመጣበት እጃችሁ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አራት ዓመት ሙሉ ልጁን በደረቅ እንጀራ ያስተማረ ቤተሰብ ለምረቃው ድንኳን ተክሎ በሬ ሲያርድ አይቻለሁ። ደስታ ነው፤ አልከለክልም። ግን ያን ገንዘብ ሥራ ፍለጋ ለሚንከራተተው ልጅ ለቤት ኪራይ ብታደርጉለት ይበልጥ ይመርቃችኋል። ደግሞም ወንዱን አስተምሮ ሴቷን «ትዳር ትይዛለች» ማለት ይቅር። ሒሳቡ ሲሠራ ሁሉም ልጆች አጠገባችሁ ይቀመጡ።

ያቺ እናት ምን አደረጉ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ተሳፍረው ኮሌጁ ድረስ ሄዱ። ፈቃዱን አሳዩኝ አሉ። ልጅቷ የፈለገችው ሒሳብ አያያዝ ነበር። ፈቃዱ የዋናው ግቢ ሆኖ ተገኘ፤ የቅርንጫፉ አይደለም። ልጅቷ አለቀሰች። እናትየውም በመንገድ ሁሉ አልተናገሩም። በኋላ በወረዳችን ያለው የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያንኑ ሙያ እንደሚያሠለጥን ተነገራቸው። ልጅቷ ዛሬ ከእናቷ ቤት እየተመላለሰች እዚያ ትማራለች። ዲግሪውን ሥራ ስትይዝ በማታ ልቀጥል ትላለች።

እማማ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር ገዝተዋል። በግራ በኩል የገባውን፣ በቀኝ በኩል የወጣውን ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት አሳዩኝ። «ወተት» የሚለውን «ወትት» ብለው ጽፈውታል። አረምኩላቸው። ድምሩ ግን ልክ ነበር።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከቤታችሁ አንድ ደረሰኝ ወይም አንድ ውል ፈልጉ። የመብራት፣ የግብር፣ የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ከላይ እስከ ታች፣ ደቃቁን ፊደል ጭምር አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ። ደኅና ሰንብቱ።