ያየ ሰው ምስክርነት
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል፥ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይተው ስለ ጻፉ ሰዎች የተነገረ ቃል



በዓለም ላይ ታላቅ ነገር በተደረገ ጊዜ ሁሉ በስፍራው ቆሞ በዓይኑ ያየ ሰው አይታጣም። ነገር ግን ያየ ሁሉ አይጽፍም፤ የጻፈም ሁሉ ያየውን በሙሉ አይናገርም። ወንጌላዊው ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር፥ የሚጽፈው ነገር ከመጀመሪያው በዓይናቸው ካዩት ሰዎች የተላለፈ መሆኑን አስቀድሞ ያስታወቀው የዓይን ምስክር የታሪክ መሠረት ስለ ሆነ ነው። በዳኛ ፊትም ቢሆን «ሰማሁ» ከሚል ምስክር ይልቅ «አየሁ» የሚል ምስክር ይታመናል።

የዓይን ምስክርነት እንዴት እንደሚከብርና እንዴትም እንደሚጐድል ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከፈረስ ቤት ወደ ምዕራብ፥ ቋሪትን ተሻግሮ ሰከላ ይገኛል፤ በሰከላም ግሽ ዓባይ አለ። ከዚያ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ወደ ጣና ባሕር ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ጎጃምን ዙሮ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳል። ሌላው ነጭ ዓባይ የሚባለው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ይመጣል፤ ቢሆንም ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ ከመቶ 80 እጅ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ነው።

የዚህን ወንዝ ምንጭ ለማወቅ የጥንት ሰዎች ብዙ ደክመዋል። ከጌታ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ ግብፅ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ እርግጡን የሚነግረው ግን አላገኘም። የሮም ቄሣር ኔሮንም ወታደሮች ሰደደ፤ እነርሱም ሰፊ ረግረግ ደርሰው መንገድ ስላጡ ተመለሱ። እንግዲህ ከአውሮፓ የመጣ ሰው በመጨረሻ በግሽ ዓባይ ቆሞ ምንጩን ያየበት ቀን በዓለም ታሪክ ከሚቈጠሩት ቀኖች አንዱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አይቶ የጻፈው የእስጳንያው ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይህ ሰው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት በተነሣ ጊዜ በባሕር ላይ ተማርኮ በየመን 7 ዓመት ያህል ታስሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። በአፕሪል 21 ቀን 1618፥ ይኸውም በኢትዮጵያ ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋራ በሰከላ ሳለ ወደ ምንጩ ቀረበ። ቂሮስ፥ ካምቢስ፥ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት የተመኙትን ለማየት በመብቃቱ ደስታው ታላቅ እንደ ነበረ ጽፏል።

ፓኤዝ ያየውን ሲናገር ቃሉን አያስጌጥም። ክብ የሆኑ ሁለት ዓይነ ውኃዎች እንዳየ፥ ወርዳቸውም አራት አራት ስንዝር ያህል እንደ ነበረ ይናገራል። ጥልቀቱን ለማወቅ ጦር ወደ ውኃው አስገባ፤ በሁለተኛው ዓይን ጦሩ መሬት ባይነካለት ሁለት ጦር አጋጥሞ አስሮ ሰደደ፤ እንደዚህም አድርጎ መጨረሻውን አላገኘም። ከዚህም በኋላ ያላየውን ለይቶ ጻፈ። ተራራው በውስጡ ውኃ የሞላበት ነው ያሉት የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን አስታወቀ፤ በዚያ ዓመት ድርቅ ስለ ነበረ መሬቱ ጥቂት ብቻ ተንቀጠቀጠ እንጂ በሌላው ጊዜ ያለ ሥጋት እንደማይቀርቡት የነገሩት ዐፄ ሱስንዮስ መሆናቸውንም ጻፈ። ያየውን «አየሁ»፥ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ማለት ይህ ነው።

የኢየሱሳውያን ትምህርት በኢትዮጵያ ምን ያህል ብጥብጥና ደም መፋሰስ እንዳመጣ፥ ዐፄ ሱስንዮስም በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እንደ ለቀቁ የታወቀ ነው። ነገር ግን የምስክር ቃል የሚመዘነው በራሱ ሚዛን ነው። በሃይማኖት የተለየ ሰው ስለ ምንጩ እውነት ከተናገረ እውነት ተናግሯል ማለት ይገባል።

ፓኤዝ በ1622 ሞተ። ከእርሱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ዤሮኒሞ ሎቦ በ1629 ገደማ ያንኑ ስፍራ አየ። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የሚባለው ከአምሐራ አገር ከመካነ ሥላሴ የወጣው ኢትዮጵያዊ ሊቅ በጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ ሄዶ ሉዶልፍን ስለ አገሩ ቋንቋ፥ ታሪክና ልማድ አስተማረው። ስለ ዓባይም መነሻና አካሄድ ነገረው። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም የተማረውን የራሱ አላስመሰለም፤ ከአባ ጎርጎርዮስ ያገኘው መሆኑን ከነስሙ አስታወቀ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ ሲጓዝ መርከብ ተሰብሮ በባሕር ሰጥሞ ሞተ፤ ስሙ ግን ሉዶልፍ ስለ ጻፈው እስከ ዛሬ ይጠራል።

ከዚህ በኋላ የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ መጣ። ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 ጎንደር ገባ። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበረ። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ወደ ምንጩ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ የራሱንም ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠውና በፊት እየተነዳ እንዲሄድ አደረገ። ሕዝቡም የፋሲልን ፈረስ ባየ ጊዜ መንገዱን ለቀቀለት። በኖቬምበር 4 ቀን 1770፥ ይኸውም በኢትዮጵያ ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. ግሽ ደረሰ። የአገሩ ሰዎች ወደ ምንጩ በጫማ መቅረብ እንደማይገባ ነገሩት፤ እርሱም ጫማውን አውልቆ ቍልቍለቱን ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። በውኃው አጠገብ ቆሞም ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ወዲያው ግን ደስታው ወደ ኀዘን እንደ ተለወጠ እርሱ ራሱ ጽፏል።

ብሩስ ትጉህ ሰው ነበረ፤ ድፍረቱም አይካድም። የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደ እርሱ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ የኖረውን ይህን መጽሐፍ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በምስክርነቱ ሁለት ጉድለት ተገኘበት።

አንደኛው፥ ከአውሮፓ ሰዎች ምንጩን መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ ለማለት ሲል የቀደሙትን ሐሰተኞች አደረገ። የፓኤዝን ቃል ኪርከር የሚባለው ሊቅ በላቲን ቋንቋ አሳትሞት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህ በፓኤዝ ጽሕፈት ውስጥ የለም፥ የፈጠራ ነገር ነው አለ። ሎቦ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ኋላ በድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ ማለቱንም የማይሆን ነገር ነው ብሎ ነቀፈ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሥዕል ዐዋቂ አስከትሎ ነበር። ባሉጋኒ ምንጩን ለማየት ከብሩስ ጋራ አብሮ ሄዷል፤ የመንገዱንም ማስታወሻ በእጁ ጽፏል። በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን መጽሐፉን በ1790 በ5 ክፍል ሲያሳትም፥ ባልንጀራው ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ። እንደዚህ ካለፈ በኋላ በግሽ ከቆሙት የአውሮፓ ሊቃውንት እርሱ ብቻውን ቀረ።

የአገር ሰው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን በተናገረ ጊዜ የለንደን ሰዎች ሳቁበት፤ ስለ ኢትዮጵያ ከተናገረው ብዙው እውነት ሳለ ውሸታም አሉት። በ1794 ሲሞት ይህ ሐሜት ገና ከላዩ አልወረደም ነበር። የፓኤዝ የፖርቱጋል ቋንቋ ጽሕፈት ግን በ1905ና በ1906 በሮም በሙሉ ታተመ፤ ስለ ምንጩ የተናገረውም ቃል በውስጡ ተገኘ። የባሉጋኒም ማስታወሻና ሥዕል ተመርምሮ ከብሩስ ጋራ መሄዱ ታወቀ። የተሰወረው ምስክር በዘመኑ ብዛት ተገለጠ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ፓኤዝ ከመምጣቱ በፊት ምንጩን ያየው ማን ነው? በሰከላ ከብቱን ያጠጣ እረኛ፥ እንስራዋን የሞላች ሴት፥ ለጸበል የመጣ ድውይ ሁሉ አይቶታል። ብሩስ ራሱ ክፍለ ዓባይ የሚሉት የምንጩ ጠባቂ ሽማግሌ እንደ ነበረና ብዙ ነገር ከእርሱ እንደ ሰማ ጽፏል። ያ ሽማግሌ ዕድሜውን በሙሉ ያየው ውኃ ዓለም ያወቀው አንድ ቀን ባየው እንግዳ ስም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንግዳው ጻፈ፥ ባለአገሩ ግን አልጻፈም።

በግሽ ዓባይ ስለ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረውን እዚህ ማስታወስ ይገባል። ጻድቁ ለእስራት በተወሰዱ ጊዜ መጻሕፍቶቻቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ፤ ከዘመናት በኋላ ሲመለሱም ሳይርሱና ሳይበላሹ ተቀበሉ ይባላል። የአገሩ ሕዝብ ይህን ሲተርክ የኖረ፥ መጽሐፍን አደራ ጠባቂ ሊኖረው እንደሚገባ ስለሚያውቅ ነው።

ይህች ደብር ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የመጀመሪያውን ቀን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ጥቂቶች ቀርተዋል። ያን ጊዜ ድንጋይ የተሸከመው ጎበዝ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ለጭቃው ውኃ በእንስራ ያመላለሰችው ሙሽራ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ሣር የከደነው፥ እንጨት የጠረበው፥ ሠራተኛውን ያበላው በቃል ይታወሳል እንጂ በብራና ወይም በወረቀት አልሰፈረም። ቃሉም ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ወጣቶችና የደብሩ መምህራን ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን እየጠየቁ ሊጽፉ ይገባል። ሲጽፉም ሦስት ነገር ይጠብቁ። እንደ ፓኤዝ የታየውን ከተሰማው ይለዩ፤ እንደ ሉዶልፍ የነገራቸውን ሰው ስም ይጥሩ፤ በባሉጋኒ የተደረገው እንዳይደገም በአጠገብ የነበረውን ሰው አይሰውሩ። አለቃው ብቻ፥ ባለጸጋው ብቻ፥ ወንዱ ብቻ አይጻፍ። ውኃ ያመላለሰችውም ስሟ ይግባ።

በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ እዚህ የሚቆሙት ዛሬ ሕፃናት የሆኑት ናቸው። እነርሱ ስለዚህች ደብር ሲጠይቁ ከእንግዳ እንዲሰሙ ከሚደረግ፥ ካዩት ከራሳቸው አባቶችና እናቶች ቃል ተጽፎ ቢያገኙት ይሻላል። ይህንንም ለመፈጸም ያዩት በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ መጀመር ነው።

የዘመናት ባለቤት እግዚአብሔር ላዩት ዕድሜ፥ ለሚጽፉት ትጋት ይስጥ። አሜን።