የእጅ ሥራ ክብር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ እጅ ሥራ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ አራት ዓመት ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወደዚህ ስዛወር የአባቴን ሥራ ብጠየቅ፥ «ገበሬ ናቸው» ብዬ አስመዘገብሁ። ይህ ሐሰት ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ናቸው። ጓደኞቼ «ቡዳ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የአገራችንን ታሪክ እንመልከት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጎጃም የታወቀች የንግድ አገር ነበረች። በዓባይ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ የሰሜን ነጋዴና የዓባይ ማዶ ነጋዴ ይገናኙ ነበር። ከማዶ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ቡናና ዝባድ ይመጣል፤ ከወዲህ አሞሌ ጨው ይሄዳል። አሞሌውም ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የመጣ ሲሆን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር።

ነገር ግን ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ፥ ነጋዴው ያለ ጠፍር፥ መኳንንቱ ያለ ሸማ፥ እመቤቲቱ ያለ እንስራ ምን ያደርጉ ነበር? ይህን ሁሉ የሠሩት ቀጥቃጩ፥ ፋቂው፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። ዋጋቸው ግን ስድብ ሆነ፤ ብዙዎቹም ርስት አልነበራቸውም።

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚሲዮን ጥበበኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለውም ትልቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሲሞቱ የጋፋትን ሥራ የቀጠለ አልተገኘም። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እሳቸውን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ስድቡ ግን ከአፋችን አልጠፋም።

በሌላው ዓለም የሆነውን ደግሞ እንይ። በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ማትያስ ባልድዊን የሚባል ሰው የጌጣጌጥ ሥራ የተማረ ጥበበኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 የባቡር ሞተር ሠራ፤ ትንሹ የሥራ ቤቱም እያደገ ከዓለም ትልልቅ የባቡር ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። የእኛ ቀጥቃጭ ግን ጥበቡ ከጎጆው ሳይወጣ ቀረ። የሚናቅ ሥራ ተማሪ አያገኝም፤ ተማሪ የሌለው ጥበብም አያድግም።

ዛሬ ቡሬያችን ተለውጣለች። በ2013 ዓ.ም. የዘይት ፋብሪካና የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ ተመርቀውባታል። ፋብሪካ ግን መኪና የሚጠግን፥ ብረት የሚበይድ እጅ ይፈልጋል። ያን እጅ እየሰደብን ፋብሪካውን ብናመሰግን ምን ይጠቅመናል?

ጓደኞቼ ሆይ፤ አባቴ ዛሬ ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። የደብተሬና የልብሴ ዋጋ ከወናፋቸውና ከመዶሻቸው የተገኘ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ያለው ቃል እንዲታረምልኝ መምህራኖቼን በትሕትና እለምናለሁ፤ «ገበሬ» የሚለው ተሰርዞ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይጻፍልኝ።