ቤተልሔም፣ ቤጂንግ፣ ጨጨሆ



ድጓ የተማረ ሰው ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የቱንም ያህል ዓመት ከመምህር እግር ሥር ቢቀመጥ፣ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ እስኪያስመሰክር ድረስ ምስክር መምህር አይባልም። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም ዙር አምባ ይጠብቀዋል። የአገሩ ልማድ ዕውቀትን የሚመዝነው ከምንጩ ነው። ታዲያ ቻይናን አጠናሁ የሚል ምሁር የሚያስመሰክረው የት ነው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዛሬ ስለ ቻይና አስተያየት የሌለው ሰው የለም። አንዱ በብድር ልታንቀን ነው ይላል፤ ሌላው ከምዕራባውያን ጭቅጭቅ የገላገለችን ወዳጅ ያደርጋታል። ሁለቱም ቢጠየቁ አንድ የቻይንኛ ሰነድ አላገላበጡም፤ ከአንድ ቻይናዊ ፎርማን ጋርም ለአንድ ቀን አልዋሉም።

የጠለቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የቆሙበት ቦታም ይለያያል። ዴቪድ ሺን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 በኢትዮጵያ የአሜሪካ አምባሳደር ነበሩ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከጆሹዋ አይዘንማን ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. የቻይናንና የአፍሪካን የመቶ ዓመት ግንኙነት የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። የዲፕሎማት ዓይን ነው፤ ማን ማንን መቼ እንደጎበኘ አይስተውም። ሰይፉዲን አደም በዚያው በ2012 የኢትዮጵያን መንግሥት ቻይናን በተስፋ የማየት ዝንባሌ የመረመረ ጽሑፍ አሳተመ። በኋላ ያስተማረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ነው። ከጃፓን ሆኖ ቻይናን ማጥናት ጎረቤትን በአጥር ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ሁሉም አይታይም፣ የሚታየው ግን በቅርብ ይታያል። አሮን ተስፋዬ ደግሞ ኒው ጀርሲ እያስተማረ በ2020 እ.ኤ.አ. ቻይና በኢትዮጵያ ያላትን ቆይታ በረጅም ጊዜ ዕይታ የመረመረ መጽሐፍ ጻፈ።

ዲቦራ ብራውቲጋም የያዘችው የሒሳብ መዝገቡን ነው። ቻይንኛ ታውቃለች፤ ቻይናውያን በምዕራብ አፍሪካ የሩዝ እርሻ ሲያለሙ ገና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ተገኝታ አጥንታለች። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመችው የጥናት ቡድን ጋዜጣ የዘገበውን ብድር ሁሉ አንድ በአንድ እየተከታተለ ያጣራ ነበር፤ ተፈረመ የተባለው ስንቴ ሳይፈረም ቀርቷል! የሰው ጉዳይ ሲነሣም ወሬና ቆጠራ እንዲሁ ይለያያሉ። ካርሎስ ኦያና ባልደረቦቹ ከለንደን መጥተው ሲቆጥሩ፣ ባጠኗቸው በኢትዮጵያ በሚሠሩ የቻይና ኩባንያዎች ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ ያህል ኢትዮጵያዊ ሆኖ ተገኘ። «ሠራተኛውን ሁሉ ከአገራቸው ያመጣሉ» ይባል አልነበረም?

ለእኔ ግን ከሁሉም የምትልቀው ሚርያም ድሪሰን ናት። ይህች የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ትግራይ ውስጥ መንገድ ከሚሠሩ ቻይናውያን ጋር አብራ ኖረች፤ መጽሐፏ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቻይናውያኑ ቤተሰባቸውን ትተው አቧራ ሲውጡ ምስጋና ይጠብቁ ነበር። የጠበቃቸው ግን የሥራ ማቆምና የፍርድ ቤት መጥሪያ ሆነ፤ ዳኛውም ብዙ ጊዜ ለአገሬው ሠራተኛ ፈረደ። በካምፑ አማርኛም ትግርኛም ቻይንኛም ያልሆነ የሥራ ቋንቋ መፈጠሩን፣ ሠራተኛውም በዚያው ቋንቋ በአለቃው ላይ እንዴት እንደሚያሾፍ ጽፋለች። ቻይናውያን ለልፋት «ምሬት መብላት» የሚል አነጋገር አላቸው። «መከራዬን በላሁ» ለሚል አገር ይህ አስተርጓሚ አይሻም።

እንግዲህ ወደ ጋይንት እንመለስ። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ሳይታሰብ፣ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻም ሳይቆም ቻይና እዚህ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ በጥር 1956 ዓ.ም. ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሉት አሥመራ ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ማስገባት አሜሪካን ያስቆጣል ተብሎ። ግንኙነቱ በይፋ የተመሠረተው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ 84 ሚሊዮን ዶላር ወለድ የሌለው ብድርም ተገኘ። የዚያ ስምምነት ትልቁ ፍሬ ከወረታ ወልድያ የተዘረጋው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይለዋል።

የውጭ ግንኙነት ተማሪን ሊያስገርም የሚገባው ቀጥሎ የሆነው ነው። ንጉሡ ወረዱ። ደርግ ወደ ሞስኮ ዞረ፤ ሞስኮና ቤጂንግ ደግሞ ያኔ ዓይንና ናጫ ነበሩ። በመጽሐፍ ሒሳብ ከሆነ ዶዘሩ ተነቅሎ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ወዳጅነቱ እየቀዘቀዘ መንገዱ እየረዘመ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተጠናቀቀ። ለምን? የተፈረመ ውል ስለሆነ ነው? ወይስ ቤጂንግ ደርግን ጨርሳ ለሞስኮ ለመተው አልፈለገችም? የቻይናን ፖለቲካ የሚያጠና ሰው አንድ ዓመት ቢፈጅበት የማያስቆጭ ጥያቄ ይህ ነው።

መንገዱ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ መቄት ይሻገራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ገደል እያስናዱ ያለፉትም በዚሁ በጨጨሆ ነበር። ላይ ጋይንት መኪና በደጁ አለፈለት፤ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ግን ከመንገዱ በስተደቡብ ቀሩ። ስለዚህ «የቻይና ዕርዳታ ምን ለወጠ?» የሚለው ጥያቄ ነፋስ መውጫ ላይ የሚያገኘው መልስና ስማዳ ወገዳ ላይ የሚያገኘው አንድ አይሆንም። መንገድ እህል ያመጣል፤ ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርደውን ጎልማሳም ይወስዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነትም በዚሁ መንገድ ነፋስ መውጫ ደርሷል።

የዚህን መንገድ ታሪክ የሚጽፍ ምሁር ሰነዱን ቤጂንግ እፈልጋለሁ ቢል በሩ ጠባብ ነው። የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ለአጥኚዎች ከፍቶ ነበር፤ ይፋ ያደረገው ግን እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ያለውን ነው፤ ከ2012 ወዲህ ደግሞ ከዚያም ብዙውን መልሶ ሸሸገው። የወረታ ወልድያ ዘመን ፋይል እዚያ ለአንባቢ ቀርቦ አያውቅም።

በ1968 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ድንጋይ የፈለጠ ጎረምሳ ግን ዛሬ የ70 ዓመት ገደማ ሽማግሌ ነው። የቀን ደመወዙ ስንት ነበር? ከቻይናዊው አለቃ ጋር በምን ቋንቋ ይግባባ ነበር? በጾም ቀን ምሳ እንዴት ይበላ ነበር? ድማሚት ሲፈነዳ ለተጎዳ ካሣ የከፈለው ማን ነው? ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት መቅረጫውን ይዞ ጠዋት ቢሳፈር፣ ነፋስ መውጫ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ማታ ይመለሳል፤ አውቶቡሱ የሚሄደውም በዚያው በቻይና መንገድ ነው።