ለጨዋታ ሥራ ገንዘብ ስለ መፈለግ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ



 ንግግሬ የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ለማቋቋም ገንዘብ ከወዴት እንደሚገኝ፣ ዋጋውም ምን እንደ ሆነ ነው።

ከወላጆቻችን መካከል «ጨዋታ ደግሞ ሥራ ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጨዋታ ትምህርትን ሲያስረሳ እንደሚጎዳ እውነት ነው። ነገር ግን መጫወትና መሥራት ልዩ ልዩ ናቸው፤ ለመሥራት ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ዜማና ተረት ማወቅ ያስፈልጋልና። በአዲስ አበባ አቶ ዳዊት አብርሃም የመሠረቱት ቅኔ ጌምስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ በእርሱም አንዲት ዶሮ ከአሳዳጇ ትሸሻለች። ቀጥሎም አባቶቻችን በጠጠር ይጫወቱት የነበረውን ገበጣ ወደ ስልክ አመጣው።

ይሁን እንጂ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምንም አያስገኝም። ስለዚህ ብዙ ጀማሪዎች አክስለሬተር ወደሚባሉት ድርጅቶች ያመለክታሉ። እነዚህም ለጥቂት ወራት ምክርና ትምህርት፣ አንዳንዶቹም ገንዘብ ይሰጣሉ። በአሜሪካ በ2005 የተቋቋመው ዋይ ኮምቢኔተር 500,000 ዶላር ይሰጣል፤ ከዚህም 125,000ው የድርጅቱን 7 ከመቶ ድርሻ ይገዛል፤ የቀረው 375,000ም ወደ ፊት ሌላ ባለገንዘብ ሲገባ ወደ ድርሻ ይለወጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ስጦታ አይደለም፤ ብድርም አይደለም። ከእቁብ የምናገኘው የራሳችንን ገንዘብ ነው፤ ብድርንም ከፍለን እንገላገላለን። የእኩል እርሻ እንኳ በመከር ያበቃል፤ የተሸጠ ድርሻ ግን ድርጅቱ እስካለ ድረስ ይኖራል።

ይህን የተማርነው ልንሳሳት ጥቂት ሲቀረን ነው። ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር፣ በጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ እየሸሸ ዓሣ ስለሚያጠምድ ሰው አንድ ጨዋታ ጀመርን። አንድ ሰው ግማሹን ድርሻ ከሰጣችሁኝ ሁለት ኮምፒዩተር እገዛላችኋለሁ አለን። ልንፈርም ስንል መምህራችን፦ «ኮምፒዩተሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ያረጃል፤ የሰጣችሁት ግማሽስ ያረጃልን?» ብለው ጠየቁን። አራታችን እኩል ብንካፈል ለእያንዳንዳችን 25 ከመቶ ይደርሰናል፤ 7 ከመቶ ብንሸጥ 23.25፣ ግማሹን ብንሸጥ ግን 12.5 ብቻ ይቀረናል። ስለዚህ አልፈረምንም። ኮምፒዩተሩም ቀረብን፤ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ተራ እየጠበቅን እንሠራለን።

የዶርዜ ሸማኔ ገበያ ሲወጣ ጋቢውን ዘርግቶ ያስዳስሳል፤ ገዢውም ጥለቱን አይቶ ዋጋ ይናገራል። እኛም ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ጥቂትም ቢሆን ያለቀ፣ ሰው የሚጫወተው ክፍል እናሳይ። የማያውቁን ሰዎች ሲጫወቱ የት እንደሚሰለቹ አጠገባቸው ሆነን እንመልከት። ሥራው ስንት ወርና ስንት ብር እንደሚፈጅ እንጻፍ። በጓደኛሞችም መካከል የእያንዳንዱ ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን፤ ፍቅር ሳለ የተጻፈ ውል ፍቅርን ይጠብቃልና። ደግሞም እነዚህ ባለገንዘቦች ፈጥኖ የሚያድግ ድርጅት ስለሚሹ፣ ለትንሽ ጨዋታ የውድድር ሽልማት ወይም የትእዛዝ ሥራ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ወላጆቻችንን የምንለምነው ገንዘብ አይደለም፤ የምንፈርመውን ወረቀት ከእኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡልን።