ሩጫ ለማይወድ ሰው፦ የዕለት ሥራ እንደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ



በሯጮቿ በምትታወቅ አገር ስለምንኖር ስፖርት ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ሩጫ ነው። መሮጥ የማይወድ ሰውም ራሱን ከስፖርት ውጭ አድርጎ ይቆጥራል። እኔም ሩጫ ከማይወዱት ወገን ነኝ። ይሁንና ሰውነት የሚፈልገው እንቅስቃሴን እንጂ የግድ ሩጫን አይደለም።

ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጽረው ነበር። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚጠቁት ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጮቹ የዕለት ሥራቸውን ከመሥራት በቀር ሌላ ልምምድ አልታዘዘላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እንቅስቃሴው ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለው የቀድሞ ገደብም ቀርቷል። መካከለኛ የሚባለው ትንፋሽን የሚያፈጥን፣ መነጋገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የሚያዳግት እንቅስቃሴ ነው።

በዚህ መለኪያ አካባቢያችንን እንመልከት። የቦንጋን ዳገት በእግር መውጣት፣ እንጨት መፍለጥ፣ የእንሰት ጓሮ መኮትኮት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም ከመካከለኛ አያንሱም። ሸክሙና ፈለጣው መመሪያው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የሚመክረውን የጡንቻ ማጠንከሪያም ይተካሉ።

ነገር ግን ይህ ሥራ በእኩል አልተከፋፈለም። በካፋ ገጠር እንሰት የሚፍቁት፣ ውኃ የሚቀዱት በአብዛኛው እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። እነርሱን «ስፖርት ሠራችሁ» ማለት ስላቅ ይሆናል፤ ያለ በቂ ዕረፍት የሚደጋገም ከባድ ሸክም ወገብንና ጉልበትን ይጎዳልና። በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ ከዐቅሟ በላይ ስትደክም፣ ሌላው ከመጽሐፍና ከስልክ ጋር ተቀምጦ ይውላል።

ስለዚህ ምክሬ ከእኔ ጋር ሩጫን ለማትወዱ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስትመለሱ ጀሪካኑን ከእኅታችሁ ተቀበሉ። ሸክሙን በሁለት እጅ አካፍሉት፤ ስታነሡም ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት እጠፉ። እዚህ ሳላችሁ ልብሳችሁን በእጃችሁ እጠቡ፤ ባጃጁን ትታችሁ በእግር ሂዱ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠሩ 150 ደቂቃው ይሞላል፤ የእኅታችሁም ድካም በዚያው ልክ ይቀልላል።