የዝሆን ጥርስና የእኛ አማና



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ዝሆን ሲነሳ ልጆቻችን ገና በለጋ ዕድሜያቸው የሚሐፍዟት ሱረቱል ፊል ትታወሰናለች። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ አብረሃ ዝሆን ሳይሆን፣ ከሐረር ብዙም ሳይርቅ በኤረር ሸለቆ ስለሚኖረው ዝሆን ነው።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ሆኖም መጠለያ ተብሎ መሰየሙ ብቻውን ዝሆኑን ከጥይት አላዳነውም። ጥርሱ ሥሩ የራስ ቅሉ ውስጥ በመሆኑ አዳኙ ሙሉውን ለማግኘት እንስሳውን ይገድለዋል። ለአንድ አምባር ሲባል አንድ ሕይወት ይጠፋል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካን ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ለማገድ ተስማሙ። በአገራችንም የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በእጁ የነበረውን ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጠለ።

“ተሽጦ ለድሃ ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበያው ክፍት እስከሆነ ድረስ ትናንት የተገደለው ዝሆን ጥርስ ከመጋዘን ከወጣው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል፤ ገዢውም አይለየውም። ትልቋ ገበያ ቻይና እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ማብቂያ የውስጥ ንግዷን የዘጋችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውድ አድማጮች፤ የገበሬውንም ሐቅ መዘንጋት የለብንም። ዝሆን ማሳ ውስጥ ሲገባ የቤተሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል። ማሽላው የተረገጠበትን አባወራ “ዝሆንን ጠብቅ” ብሎ መምከር ብቻ ፍትሕ አይሆንም። የመንግሥት ጥበቃ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተመካክሮ፣ የእርሱንም ሪዝቅ አስቦ መሠራት አለበት።

የእኛ የየቤተሰቡ ድርሻስ? ቀላል ነው። ገዢ ከሌለ ገዳይ አይኖርም። ለሠርግ ጌጥ ወይም ለመንገደኛ ስጦታ ብለን የዝሆን ጥርስ አንግዛ፤ ድንበር አሻግረን ለዘመድም አንውሰድ። ዕቃ አድርስልኝ የሚለን ቢኖር ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ልጆቻችንም ዝሆንን ከሱራው ስም ባሻገር በዓይናቸው እንዲያዩት አማናችንን እንወጣ።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።